የአሰላው አውቶቡስ ጭቃ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ጡረታ ማለት የሚወዱትን ሥራ ትቶ ስለ ሥራው ማውራት ከሆነ፣ እኔ ከዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ በፊት ወጥቻለሁ። ልዩነቱ እነሱ በየወሩ ይከፈላቸዋል፣ እኔ ደግሞ መቂ ሄጄ ሽንኩርት እጭናለሁ። የጭነት መኪና ረዳት ነኝ አሁን። ጭነን ስንጨርስ ከጆንያው ክምር ላይ ጋደም ስል ልጆቹ "ሬዲዮ፣ እስቲ የላንድሮቨሯን ዘመን አጫውተን" ይሉኛል። ሬዲዮ የሚሉኝ ባትሪዬ ስለማያልቅ ነው። አጫወትኩ፣ አጫወትኩ፣ ሲሰለቸኝ በቃ ልጻፈውና ራሳችሁ አንብቡት አልኩ። ትምህርቴን ለምትጠይቁ፣ አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ። አራትና አራት ስንት ነው? ስምንተኛ ክፍል በሉኝ።

ሥራዬ ምን ነበር መሰላችሁ? ሰው ማንሸራሸር። ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ተራራውን፣ ፍል ውሃውን፣ ገደሉን አሳይቶ ሳይመሽ ቤት መመለስ። ፋብሪካችን፣ ስሙ ይቆይ፣ ኮከብ ሠራተኛ የሚባል ነገር ይመርጥ ነበር። የተመረጠው ሰው ይጨበጨብለታል፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ነገር ይለጠፍለታል፣ ከዚያ እሁድ በመዝናኛ ክፍሉ ላንድሮቨር ሽርሽር ይሄዳል። ያኔ እንደምታውቁት ቤንዚን በኩፖን ነው። እሁድ መኪና ማንቀሳቀስም ፈቃድ ይጠይቃል። መንገዱ ጭር ብሎ፣ አህያና እኛ ብቻ ነበርን የምንሄድበት። ኬላው ላይ ወረቀታችንን አይተው ገመዱን ዝቅ ሲያደርጉልን እኔ እጄን እንደ ሚኒስትር አወዛውዝ ነበር። አንዴ ጠባቂው ሰላምታ ሰጠኝ፣ ወላሂ።

እዚያ ሥራ የገባሁት በሌባ ምክንያት ነው። ሌባው ጋሽ ሁሴን ናቸው።

ያን ጊዜ ናዝሬት መናኸሪያ ለአውቶቡስ ሰው የምጠራ ልጅ ነበርኩ። "አሰላ! አሰላ! የቀረ አንድ ሰው!" እያልኩ፣ ባዶ አውቶቡስ ሞልቻለሁ በጉሮሮዬ። አንድ እሁድ ጧት ከአሰላ የመጣው አውቶቡስ ገና ቆሞ ሳይጨርስ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከኋላ ጎማው ሥር ተንበርክከው እጃቸውን ሲሰዱ አየሁ። ብሎን ሊፈቱ ነው ብዬ አንገትጌያቸውን ያዝኩ።

"ምንድነው አባት? በቀን በብርሃን?"

ዞር እንኳን አላሉም። በጥፍራቸው ከጭቃ መከላከያው ሥር የፋቁትን ቀይ ጭቃ በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ አሸቱት። ከዚያ ለኔ አፍንጫ አስጠጉልኝ።

"ይሄ የመቼ ነው?"

"ምኑ?"

"ጭቃው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ጭቃ ጭቃ ነው።"

"የዛሬ ሌሊት ነው። አርሲ ላይ ዘንቧል። እኛ ዛሬ አሸዋውን አንሻገርም" አሉና ተነሱ። ጉልበታቸውን እያራገፉ "ድምፅህ ግን ጥሩ ነው፣ ኢልመ ኮ። ገደል ለገደል ያሰማል። ሥራ ትፈልጋለህ?" አሉኝ። ኢልመ ኮ ማለት በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። የዚያ ጎማ ሥር ሌባ ሥራ ሰጪዬ ሆነ።

ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው፣ አርሲ ያደጉ። ሹፌርነት የጀመሩት ጢማቸው ሳይበቅል ነው ይባላል። ብዙ አያወሩም። እኔ አወራላቸዋለሁ። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ከኋላ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጬ አስቃለሁ፣ ውሃ አድላለሁ፣ ገደል ላይ ገመድ እይዛለሁ። ደመወዙን አትጠይቁኝ፣ ጫማ ይገዛል፣ ካልሲውን ግን ሌላ ወር ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሶደሬ ነበር። ሶደሬ ቀላል ነው ትላላችሁ። ፍል ውሃ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ሰው ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። ችግሩ ጦጣዎቹ ናቸው። አንድ እሁድ ከበላይ የመጣ አንድ ትልቅ ጓድ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር ያልተሠራበት፣ ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ሙዝ ሲልጥ፣ ጦጣዋ ወረደች። ሙዙን ተወችው። ኮፍያውን ይዛ ወጣች። ያውም ኮከብ ያለበትን። ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ራሷ ላይ ደፋችው።

እስቲ አስቡት። ሃያ ሰው ቆሟል፣ አንድም ሰው አይስቅም። ያኔ የሚሳቅበት ሰው ይመረጥ ነበር። አንዱ ሳል ጀመረው፣ አንዷ ነጠላዋን ጎርሳለች፣ እኔ ሆዴን ይዤ የአዋሽ አዞ የማይ መሰልኩ። ጋሽ ሁሴን ብቻ ቀስ ብለው ወደ መኪናዋ ሄዱ፣ ሎሚ ይዘው መጡ፣ ሁለት ሎሚ ወደ ላይ ወረወሩ። ጦጣዋ ሎሚውን ለመያዝ ኮፍያውን ለቀቀችው። አቧራውን አራግፈው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

"ብልህ ነዎት" አላቸው ሰውየው።

"ጦጣዋ ናት፣ ጓድ። ሎሚው ይሻላታል" አሉ። እኔ ያኔ ሮጬ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የሳቅሁት።

ሶደሬን ጨርሼ ወደ ትልልቁ ጉዞ አለፍኩ፣ እንደ ሹመት። ፈንታሌ ተራራ ወጥተን አፉ ውስጥ ቁልቁል አይተናል። መተሐራ ላይ ያ ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ አለ አይደል፣ እሱ ላይ ጫማ አይበረክትም፣ ሶሉን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ዝዋይ በጀልባ ወጥተን ጉማሬ አባሮናል። ላንጋኖ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል፣ ገብተህ ስትወጣ ግን ንጹህ ነህ። ይህን ሁሉ ያየሁት አራተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት እኔ ነኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ሞጆን አልፎ አያውቅም ነበር።

ጋሽ ሁሴን ያስተማሩኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር የትም አልተጻፈም። አንደኛ፣ ውሃ ሰው ሲጠማው አይሰጥም፣ ሳይጠማው ነው። "የጠማው ሰው ሆዱን ሞልቶ ተራራ ላይ ይተኛብሃል" ይሉኛል። ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለው ጆንያውን ውሃ ያጠጡታል። ንፋስ ሲመታው ውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል፣ እዚያ እሳት መሀል ጥርስ የሚያስነክስ ውሃ ትጠጣለህ። አሸዋ ሲደርሱ ጎማውን በክብሪት እንጨት ተጭነው አየሩን ፍስስስ ያደርጉታል። ጎማው ሆዱ ዘርገፍ ሲል በቃ ይላሉ፣ መለኪያ የሚባል ነገር የለም፣ በጆሮ ነው። ማዶ ሲደርሱ ደግሞ በእጅ ፖምፓ የሚነፋው ማነው? ሬዲዮ። ይሄ ክንድ ዝም ብሎ የመጣ መስሏችኋል?

አሸዋው የምለው ከሶደሬ ማዶ ያለ ደረቅ ወንዝ ነው። ሰፊ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ስሙም ወንዝ አይመስልም፣ አሸዋው ነው የምንለው። ከማዶው አንድ ጉብታ አለ፣ ከጉብታው ጀርባ ደግሞ እንፋሎቱ። መሬቱ ተሰንጥቆ ትኩስ እንፋሎት ሲተፋ ይውላል። ወገቡን ያመመው ይታጠንበታል፣ ያላመመው እንቁላል ይቀቅልበታል። ሰው ሁሉ ከጉዞአችን የሚወደው እሱን ነበር። ችግሩ ያ አሸዋ አባቱ አርሲ ነው። ናዝሬት ላይ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰማያዊ ሳህን ሆኖ፣ ጭላሎ ተራራ ላይ ሌሊት ዘንቦ ከሆነ፣ ውሃው ግማሽ ቀን ተጉዞ ድንገት ይደርሳል። እንደ ግድግዳ ነው የሚመጣው ይላሉ፣ ዛፍ ተሸክሞ። ስለዚህ ነው ጋሽ ሁሴን እሁድ እሁድ መናኸሪያ የሚንበረከኩት። ወደ አሰላ ስልክ መደወል አይችሉ፣ ሬዲዮ ስለ አርሲ ዝናብ አያወራ፣ እኔ ሬዲዮውም አላውቅ። የአሰላው አውቶቡስ ግን ሌሊት የዘነበውን ጎማው ሥር ይዞት ይመጣል። ጭቃው እርጥብ ከሆነ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ቅቤ ከሆነ፣ እንፋሎቱ የለም፣ ሶደሬ ነው። ሰው ያጉረመርማል። እሳቸው "ሬዲዮ፣ አስቃቸው" ይሉኛል። እኔ አስቃለሁ።

ስንት እሁድ እንደዚያ ተመለስን። እኔ በበኩሌ አንድም ቀን ጎርፍ አይቼ አላውቅም ነበር። አልዋሽም፣ ሽማግሌው ያበዙታል እል ነበር በሆዴ።

ከዚያ የጋሽ ሁሴን ጡረታ ደረሰ። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፣ በአንደኛው ፈተና፣ ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር። የዚያችን ላንድሮቨር መሪ ምን ያህል እንደምፈልገው ልነግራችሁ አልችልም። ወንበሩ ላይ የእሳቸው ቅርጽ አለ፣ ቆዳው ተሰርጉዶ። ሰው ሳያየኝ ተቀምጬበት አውቃለሁ። የሚሾመው ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታደለ ነው። ጠራኝና እንዲህ አለኝ፦

"ሬዲዮ፣ በዚህ እሁድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። እንፋሎቱን አይተው ከወደዱት እዚያ የሠራተኛ ማረፊያ እንሠራለን። አንተ ትነዳለህ። እንግዶቹ ደስ ካላቸው መኪናዋ ያንተ ናት።"

"ጋሽ ሁሴንስ?"

"ወባ ይዞታል። ምን አገባህ? መንዳት አትችልም?"

"ጓድ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳለሁ።"

"ገልጠህ ንዳ" አለኝ። ሲቀልድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እሁድ ጧት ሐምሌ ነበር፣ ፀሐዩ ግን የመጋቢት። ሸሚዜን አስተኩሻለሁ፣ ጫማዬን በሎሚ ወልውያለሁ። ያኔ መናኸሪያ ባልሄድ ምን ነበረበት? ማንም አላዘዘኝ። እግሬ ነው የወሰደኝ። የአሰላው አውቶቡስ ቆሟል፣ ያስተኮስኩትን ሸሚዝ ለብሼ ተንበረከክሁ። ጣቴን ሰደድኩ።

ቅቤ ነው። ቀዝቃዛ፣ ቀይ፣ እርጥብ። በጣቴ መሀል ሾልኮ ሸሚዜ ላይ ጠብ አለ።

ሹፌሩን "አርሲ ዘንቧል እንዴ?" አልኩት።

"ኢተያ ጋ ካፍ ካፍ ብሏል። ላዩን እንጃ፣ ተኝቼ ነበር" አለኝ። ሹፌር ተኝቶ እንዴት እንደመጣ አልጠየቅኩትም።

ጓድ ታደለን መኪናዋ ጋ አገኘሁትና ነገርኩት። ሶደሬ እንሂድ አልኩት። እንግዶቹ እየሰሙ ነው። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን፣ ሁለቱም ጫማቸው ያበራል።

"ምግቡ ትናንት ተልኳል'ኮ!" አለ ጓድ ታደለ። "ሙላቱ በጉን ይዞ ማዶ አድሯል። ምን ልትለኝ ነው? በጉ ማዶ፣ እኛ ወዲህ? ንዳ!"

ሙላቱ የፋብሪካው ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። እውነትም ከትናንት ጀምሮ ከጉብታው ጀርባ ድንኳን ተክሎ ነበር። ነዳሁ።

ከኋላ ስድስት ኮከብ ሠራተኞች ነበሩ። ከነሱ መሀል እትዬ አስካለ የጆንያ ስፌት ክፍል ናት፣ ወገቧን ስለሚያማት እንፋሎቱን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። መንገድ ላይ ቀልድ ቀለድኩ፣ ሳቁ። እኔ ግን የምናገረውን አልሰማም ነበር፣ ጣቴ መሀል ያለው ጭቃ ደርቆ ቆዳዬን ይጎትተዋል።

አሸዋው ጋ ደረስን። ደረቅ! እንደ ዱቄት። አንዲት ፍየል መሀሉ ላይ ቆማ ቁጥቋጦ ትበላለች። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ከማዶ፣ ከጉብታው ጀርባ፣ የሙላቱ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ንፋሱ ወደኛ ነው፣ የበጉ ሽታ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ወፍራሙ እንግዳ ዓይኑን ጨፈነ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ጋሽ ሁሴን እንደሚያደርጉት በባዶ እግሬ መሀል ድረስ ሄድኩ። ላዩ ያቃጥላል። ተረከዜን አሽከርክሬ ቀበርኩት። ሥሩ ቀዝቃዛ ነው። ግን ሥሩ መቼም ቀዝቃዛ ነው! ጆሮዬን ወደ ላይኛው በኩል አቀናሁ። ፍየሏ ስታኝክ ብቻ ነው የሚሰማው። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ማዶ የምፈልገው ወንበር አለ፣ በዚህ በኩል ደግሞ አንድ ቁንጣሪ ጭቃ።

ተመልሼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ሰዉ ልንሻገር ነው ብሎ ተደላደለ። አዞርኳት። አፍንጫዋን ወደ ናዝሬት አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

"ምንድነው?" አለ ጓድ ታደለ።

"አንሻገርም፣ ጓድ። እዚህ ዛፍ ሥር እንውላለን።"

"ውሃ የት አለ? አሳየኝ! ውሃውን አሳየኝ!"

"የለም።"

"እና?"

"ጭቃው እርጥብ ነው።"

"የቱ ጭቃ?"

"የአውቶቡሱ።"

እንግዶቹን አየ። እንግዶቹ እኔን አዩ። እኔም ሸሚዜ ላይ ያለችውን ጠብታ አየሁ። ራሴ ስሰማው ለራሴም እብድ ይመስል ነበር፣ ሰው እንዴት ብሎ አውቶቡስ ጭቃ ስለነካው በግ ትቶ ይቀመጣል?

"ቁልፉን አምጣ!"

"ማን ሊነዳት ነው፣ ጓድ?"

እሱ መንዳት አይችልም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን ፊት ለፊት ብሎት አያውቅም። አንገቱ ቀላ። "በእግራችን እንሻገራለን!" አለ። ቀጭኑ እንግዳ አሸዋውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ "እዚህም ጥላው ጥሩ ነው" አለ። እትዬ አስካለ ወገቧን ይዛ ወረደች።

"ልጁ አይሆንም ካለ አይሆንም" አለች። "እኔ ዋና አልችልም።"

"የት አለና ዋናው!" ብሎ ጮኸባት።

ተቀመጥን። ብዙ ቆየን። ዳቦ ነበረኝ፣ አደልኩ። ውሃ አደልኩ፣ ሳይጠማቸው። ቀልድ ሞከርኩ፣ አንዱ ብቻ ሳቀ፣ እሱም ለይሉኝታ ያህል ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ወደ ላይኛው ወንዝ ነው። የምጸልየውን ብትሰሙ! ሰው ጎርፍ እንዳይመጣ ይጸልያል፣ እኔ እንዲመጣ። "አምላኬ፣ ብዙ አልልም። አንድ ጀሪካን የምታህል። ጫማዬን የምታርስ። ጓድ ታደለ ብቻ ይያት።" ምንም። ፍየሏ እንኳን ጠግባ ተኛች።

ከዚያ ከጉብታው ላይ አንድ ሰው ብቅ አለ። ሙላቱ ነው። ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ትልቁን ትሪ አናቱ ላይ ተሸክሞ፣ ቀጥታ ወደ አሸዋው ይወርዳል። ሲጠብቀን ቆይቶ በጉ ሊቀዘቅዝበት ነው።

ዘልዬ ተነሳሁ። "ሙላቱ! አትሻገር! ተመለስ!"

ገደል ለገደል ያሰማል የተባለለት ድምፄ ነው። ሙላቱ ቆመ። የጠራሁት ናፍቄው መስሎት አንድ እጁን ከትሪው ለቆ አወዛወዘልኝ። መጣ። አሸዋው መሀል ሲደርስ ትሪውን አስተካከለ፣ ላቡን ጠረገ፣ ቆሞ ትንፋሽ ወሰደ። እኔ እዚህ ጥፍሬን እየበላሁ ነው። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ጓድ ታደለንም ልብ ብያለሁ፤ ያችን ደቂቃ እሱም ወደ ላይኛው በኩል አየ። ከዚያ ሙላቱ ወጣ። ትሪውን እግራችን ሥር አስቀመጠ።

"ምነው ቀራችሁ? መኪናዋ ተበላሸች?"

"ጎርፍ አለ" አለው ወፍራሙ እንግዳ።

ሙላቱ ዞር ብሎ የመጣበትን አየ። "የት?"

ያን የሳቅ ዓይነት እኔ እንኳን አስቄው አላውቅም። እንግዶቹ እንባቸው ፈሰሰ። ጓድ ታደለ ብቻ አልሳቀም። በጉን በልተን፣ ፀሐዩ ሳያዘቀዝቅ ተመለስን። እስክንሄድ ድረስ አሸዋው እንደ ዱቄት ነበር። ስንነሳ እትዬ አስካለ የተረፈውን ሥጋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና "ወገቤ ሌላ ጊዜ ይታጠናል፣ አይዞህ" አለችኝ። ሌላ ጊዜ እንደሌለ እኔም እሷም አውቀናል።

ሰኞ ጓድ ታደለ ጠራኝ። "በፈሪ ሹፌር አብዮት አይራመድም" አለ። መዝናኛ ክፍሉ አበቃ፣ ወደ ግምጃ ቤት ሂድና ጆንያ ቁጠር አለኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጆንያ አልቆጥርም ብዬ ወጣሁ፣ ለዚህ ነው ዛሬ መቂ ጆንያ የምሸከመው። ላንድሮቨሯን አንድ ከዱከም የመጣ ልጅ ተረከባት። እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ አሸዋውን ይሻገራል አሉ፣ ጭቃ የሚባል ነገር አይነካም። ምንም አልሆነም። እንዳይሆንም እመኛለሁ፣ አንዳንድ ቀን ግን አልመኝም።

በዚያው ቀን ጋሽ ሁሴን ቤት ሄድኩ። ወባው ለቋቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ከስተው ቆቡ ሰፍቷቸዋል። ባለቤታቸው ሻይ ቀዱልኝ። እኔ ነገሩን ስነግራቸው እየጮህኩ ነበር፣ ሙላቱ ትሪውን ይዞ ሲመጣ የጮህኩትን ደግሜ ጮህኩት። እሳቸው በመሀል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ጭቃው በጣትህ ሲታሽ ክር ሠራ?"

"ሾልኮ ሸሚዜ ላይ ወደቀ'ኮ ነው የምልዎ!"

"ጥሩ አድርገሃል።"

"ምኑ ነው ጥሩው? ሥራዬን'ኮ አጣሁ! አገር ሳቀብኝ! ጋሽ ሁሴን፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ከዚያ አሸዋ ሲመለሱ ኖሩ። ስንቴ ተመልሰዋል?"

"ማን ቆጥሮት።"

"ውሃውስ ስንቴ መጣ?"

ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"አንዴ" አሉ።

"አንዴ!" ልቆም ነበር። "አንዴ ብቻ! እሺ፣ ያን ቀን እንኳን ተመስግነው ይሆናላ። ሰዉ እግርዎን ስሞ ይሆናል።"

"ያን ቀን አልተመለስኩም" አሉ።

ባለቤታቸው የሻይ ብርጭቆውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሽ ሁሴን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

"አሸዋው ደረቅ ነበር፣ ኢልመ ኮ። ሰማዩም ልክ እንደ ትናንቱ። ጭነት ነበር የያዝኩት፣ ቸኩዬ ነበር። ጎማው ሲሰምጥብኝ ረዳቴ አካፋ ይዞ ወረደ። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። ውሃው እኔ ላይ እንዳይደርስ መኪናው ከፍ ያለ ነው።"

የረዳቱን ስም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ውጭ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል። ቁጭ ብዬ እጄን አየሁ፣ እሳቸውም እጄን አዩ። አፌ ግን እንደምታውቁት ዝም ብሎ አያድርም፣ ወሬ ማስቀየሬ ነበር፦

"ታዲያ እኔ ሳልሻገር ነው የተማርኩት። ከእርስዎ እበልጣለሁ ማለት ነዋ!"

"ትበልጣለህ" አሉኝ። ሳይስቁ።